ክፍል ማን ይደልድል? በ«ኦሪገን ሙከራ» ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጥራት በሚደረግ ውይይት ዘወትር የሚነሡት ሥርዓተ ትምህርቱ፣ መምህሩና መጽሐፉ ናቸው። ትምህርቱ የሚሰጥበት ክፍል፣ መምህሩ ተማሪውን የሚያነጋግርበት ቢሮ፣ መዝገቡ የሚጠበቅበት ቤት ግን የሚወሱት አልፎ አልፎ፣ ያውም የበጀት ጥያቄ ሲቀርብ ብቻ ነው። አንድ ዲፓርትመንት ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲዛወር ጉዳዩ የጠቅላላ አገልግሎት ሥራ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ጠረጴዛና ቁም ሣጥን የሚሸከሙ ሰዎች፣ አንድ የጭነት መኪናና አንድ የርክክብ ሰነድ ከተገኙ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዝውውሩ ማግሥት ተማሪው አማካሪውን የሚያገኝበት በር ይጠፋበታል፤ ጀማሪው መምህር የፈተና ወረቀት የሚያርምበት ጠረጴዛ ያጣል፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተመረቀ ሰው የትምህርት ማስረጃውን ሊያወጣ ሲመጣ መዝገቡ በየትኛው ምድር ቤት እንደ ተከመረ የሚነግረው አይገኝም። እንግዲህ የክፍል ድልድል የሸክም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ጉዳይም ነው ማለት ነው።

በዚህ ርእስ ላይ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ብዙ ያከራከረው «የኦሪገን ሙከራ» የተባለው ነው። መጽሐፉን ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የተባለው አርክቴክት ከአራት ባልደረቦቹ ጋር አዘጋጅቶ በ1975 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትሞታል። ጽሑፉ አጭር፣ አቀራረቡም ግልጽ ነው። ጥያቄው ግን ታላቅ ነው፤ ይኸውም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቦታ እንዴት መዋል እንዳለበት የመወሰን ሥልጣን የማን ነው? የሚል ነው። የዚህ ሂስ ዓላማ መጽሐፉ ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን መልስ መመርመር፣ የሚጸናውንና የማይጸናውን መለየት፣ በመጨረሻም ከቤተ መንግሥት ግቢ ለተነሣው ለእኛ ዩኒቨርሲቲ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማመልከት ነው።

የመጽሐፉ ፍሬ ሐሳብ

የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ በዩጂን ከተማ ነው። መጽሐፉ በተጻፈበት ጊዜ 15,000 ያህል ተማሪዎች ነበሩት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ የግቢውን ዕቅድ እንዲያወጡ ሲጠየቁ የተለመደውን ማስተር ፕላን አላቀረቡም። በምትኩ ያቀረቡት ስድስት መርሖዎችን ነው።

የመጀመሪያው የሕያው ሥርዓት መርሕ ነው፤ የግቢው መልክ አስቀድሞ በካርታ ሳይታሰር ከየዕለቱ ትናንሽ ሥራዎች ቀስ በቀስ እንዲወጣ ያዛል። ሁለተኛው የተሳትፎ መርሕ ሲሆን ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሠራ የሚወስኑት ተጠቃሚዎቹ ናቸው ይላል። ሦስተኛው የጥቂት በጥቂት ዕድገት መርሕ ነው፤ የግንባታው ገንዘብ በአንድ ግዙፍ ሕንፃ ላይ ከሚፈስ ይልቅ ለትልቁም፣ ለመካከለኛውም፣ ለትንሹም ሥራ እኩል ይከፈል ዘንድ ይጠይቃል። አራተኛው የአብነቶች መርሕ ነው፤ ማኅበረሰቡ ተስማምቶ የተቀበላቸው አጫጭር የአሠራር ሕጎች ሥራውን ይመራሉ። አምስተኛው የምርመራ መርሕ ነው፤ በየዓመቱ ከግቢው ስፍራዎች የትኛው ሕያው፣ የትኛው የሞተ እንደ ሆነ በካርታ ላይ ይመዘገባል። ስድስተኛው የማቀናጀት መርሕ ነው፤ ከተጠቃሚዎች የሚመጡትን ጥያቄዎች አንድ ቦርድ መርምሮ ገንዘብ ይደለድላል። ቦርዱ ከአሥር ያነሱ አባላት ያሉት ሲሆን ተጠቃሚዎችና አስተዳዳሪዎች በተቀራራቢ ቁጥር ይቀመጡበታል። ቦርዱን የሚያገለግል የዕቅድ ጽሕፈት ቤትም ለእያንዳንዱ 2,000 የማኅበረሰብ አባል አንድ ሠራተኛ ይኖረዋል።

የመጽሐፉ ብርታት

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ብርታት በማስተር ፕላን ላይ ያነሣው ክርክር ነው። የሃያ ዓመት ካርታ ነገ የሚመጣውን ፍላጎት አያውቅም፤ ዛሬ በግቢው የሚኖረውንም ሰው በዕቅዱ ውስጥ ተራ ጥርስ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሰው ሊለውጠው የማይችለውን ነገር ደግሞ አይንከባከበውም። ይህ አስተያየት ከአርክቴክቸር አልፎ ለአስተዳደርም ይሠራል። ቢሮው ነገ ከነገ ወዲያ እንደሚወሰድበት የሚጠረጥር የዲፓርትመንት ኃላፊ መደርደሪያ አያሠራም፤ የላቦራቶሪውን ቧንቧ አያስጠግንም። ክፍሉ ሲያረጅ ዝም ብሎ ያያል።

ሁለተኛው ብርታት አብነቶቹ ናቸው። ጥቂቶቹን እንመልከት። አንዱ አብነት የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ሲከማች ከሚያገለግላቸው ሰዎች እንደሚርቅ ያስገነዝባል፤ ስለሆነም እያንዳንዱ አገልግሎት ለሚጠቀሙበት ሰዎች ቅርብ በሆነ ስፍራ፣ በትንሽ መጠን እንዲቀመጥ ይመክራል። ሌላው አብነት ዲፓርትመንቶች እንደ ልዩ ልዩ አገር ድንበር ከልለው መቀመጣቸውን ይነቅፋል። እያንዳንዱ የራሱ መሠረት ይኑረው፤ ነገር ግን ክፍሎቹ ከጎረቤት ዲፓርትመንት ክፍሎች ጋር ይጠላለፉ ይላል። ሦስተኛው እያንዳንዱ ዲፓርትመንት መምህሩም ተማሪውም ጸሐፊዋም በዕለት መንገዳቸው የሚያልፉበት አንድ የጋራ ምድጃ፣ ማለትም የመገናኛ ክፍል እንዲኖረው ያዛል። እነዚህ ምክሮች የተጻፉት በተራ ቋንቋ በመሆኑ ከዲኑ እስከ ተላላኪው ድረስ ሁሉም ሊያነባቸው፣ ሊቀበላቸውም ሆነ ሊቃወማቸው ይችላል። ቦታን የሚመለከት ሰነድ ብዙውን ጊዜ በባለሙያ ቋንቋ የሚደበቅ በመሆኑ ይህ ግልጽነት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ሦስተኛውና ዋናው ብርታት የተሳትፎ መርሑ ነው። ደራስያኑ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ማስፋፊያ በመምህራኑና በተማሪዎቹ እጅ እንዴት እንደ ተነደፈ ያሳያሉ። ፒያኖ የሚያስተምረው ሰው ድምፅ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ የሚደርሰውን ችግር ከማንም አርክቴክት አስቀድሞ ያውቃል። ይህንን ዕውቀት ንቆ የሚወጣ ዕቅድ የተበላሸውን ለማስተካከል በኋላ እጥፍ ዋጋ ይከፍላል።

የመጽሐፉ ጉድለት

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ መጽሐፉ ሦስት ከባድ ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው ጉድለት፣ ትኩረቱ በሚሠራው ሕንፃ ላይ እንጂ በተሠራው ሕንፃ አለመሆኑ ነው። ደራስያኑ ስለ ጥገና ያነሣሉ፤ ነባሩን አፍርሶ አዲስ መትከልንም ይቃወማሉ። ሆኖም የቆመ ክፍል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ምን ሥርዓት ሊኖር እንደሚገባ የሚሉት ጥቂት ነው። በየዩኒቨርሲቲው የዕለት ተዕለት ጭቅጭቅ የሚነሣው ግን እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ዲፓርትመንቶችን እንውሰድ። ሀ ሰፍቶ የለን ክፍሎች ይፈልጋል፤ ለ ወደ ሐ ክፍሎች ይገባል፤ ሐ ደግሞ በመታደስ ላይ ወዳለ ሕንፃ ይሄዳል። ሦስቱም በስብሰባ ላይ ተገኝተው ተስማምተዋል እንበል። ተሳትፎው ሙሉ ነው። ነገር ግን የዕድሳቱ ሥራ ስድስት ሳምንት ቢዘገይ ሐ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ለ መግባት አይችልም፤ ሀ ደግሞ የቀድሞ ክፍሎቹን ለሌላ አስረክቦ ከሆነ ዕቃው በኮሪደር ላይ ይቀራል። መዘግየቱ በፈተና ሳምንት ላይ ከዋለ ጉዳቱ የተማሪው ይሆናል። እዚህ ላይ የጎደለው የተጠቃሚዎች ፈቃድ አይደለም፤ ቅደም ተከተል፣ የጊዜ ሰሌዳና በመካከል የሚያርፉበት መጠባበቂያ ክፍል ነው። ስለ እነዚህ ሦስት ነገሮች መጽሐፉ የሚሰጠው መመሪያ የለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው በእንዲህ ያለው ዝውውር ላይ ሲፈጸም እናያለን።

ለነባር ሕንፃ ትምህርት የሚሆነውን ምሳሌ በሌላ ስፍራ እናገኛለን። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1943 እ.ኤ.አ. ለጦርነቱ ጊዜ የራዳር ምርምር ታስቦ በጥድፊያ የተሠራ፣ «ሕንፃ 20» የተባለ የእንጨት ቤት ነበረ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራው ቤት እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆሞ አገለገለ። የኤሌክትሮኒክስ ተመራማሪዎችና የቋንቋ ሊቃውንት በአንድ ጣራ ሥር ጎረቤት ሆነው ሠሩበት። ቤቱ ውበት አልነበረውም፤ ነገር ግን ግድግዳ ለመብሳት፣ ሽቦ ለመዘርጋት የሚከለክል ስላልነበረ ክፍሉ ለሥራው ታዘዘ። ከዚህ የምንረዳው ተጠቃሚው ዋና ሥልጣኑን የሚያገኘው ሕንፃው ሲነደፍ ብቻ ሳይሆን ከገባበትም በኋላ መሆኑን ነው። አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ ይህንን ጎን ቢያሰፉት ኖሮ መጽሐፋቸው ይበልጥ በተሟላ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት የዕድገቱን ፍጥነት የሚመለከት ነው። ከአብነቶቹ አንዱ ዩኒቨርሲቲ በዓመት ከመቶ ሁለት እጅ በላይ እንዳያድግ፣ ጠቅላላ የተማሪዎቹም ቁጥር ከ25,000 እንዳይበልጥ ያዛል። የጥቂት በጥቂት ዕድገት መርሕ የሚቆመውም በዚህ መሠረት ላይ ነው። መሠረቱ በሌለበት አገር መርሑ ምን ይሁን? በኢትዮጵያ እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ሲሆኑ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው ከአርባ በላይ ሆኗል። እንዲህ ባለ ዘመን ብዙ ግቢ የሚሠራው ዲፓርትመንቶቹ ሰው ከማግኘታቸው በፊት ነው፤ የሚማከር ተጠቃሚ ገና አልተቀጠረም። ተማሪው ግን በመስከረም ወይም በጥቅምት ይገባል። ለዚህ ሁኔታ መጽሐፉ መልስ የለውም ብቻ ሳይሆን ሁኔታው ሊኖር እንደሚችልም አላሰበም።

ሦስተኛው ጉድለት «ተጠቃሚ» የሚለውን ቃል ሳይከፍል መያዙ ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ የሚቀመጡ ተጠቃሚዎች በድምፅ እኩል ቢሆኑ በጉልበት እኩል አይደሉም። ሃያ ዓመት ያገለገለው ፕሮፌሰር መስኮት ያለውን ክፍል ለማስጠበቅ የሚያውቀው መንገድ ብዙ ነው። የማታ ተማሪው በስብሰባው ሰዓት በሥራ ላይ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፋይሎቹ እርጥበት እንደሚበላቸው ብታውቅም የሚጠይቃት የለም። የዛሬው ተማሪ ከአራት ዓመት በኋላ ይወጣል፤ ለሚመጣው ተማሪ የሚናገር ማን ነው? ደራስያኑ በጉልበተኛና በደካማ ተጠቃሚ መካከል የሚዳኝ መለኪያ አላቀረቡም። መለኪያ በሌለበት ጉባኤ ደግሞ የሚረታው ድምፁ የጎላው ነው።

የሚጎድለው መለኪያ

ለመሆኑ ይህ መለኪያ ምንድን ነው? በብዙ አገር የሚሠራበት ቀላል ስሌት አለ። አንድ ክፍል በሳምንቱ ከሚገኙት ሰዓቶች ስንቱን እንደሚያገለግልና በሚያገለግልበት ጊዜ ከወንበሮቹ ስንቱ ሰው እንደሚቀመጥባቸው ይቆጠራል፤ ሁለቱም ይባዛሉ። 60 ወንበር ያለው ክፍል በሳምንት ከ40 ሰዓት 24ቱን ቢያገለግል፣ በአማካይም 30 ሰው ቢቀመጥበት፣ ከመቶ 60 ሲባዛ በከመቶ 50 ውጤቱ ከመቶ 30 ይሆናል። ክፍሉ «ሁልጊዜ የተያዘ ነው» እየተባለ ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛ በላይ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ይህ ስሌት ያስረዳል።

ስሌቱ ብቻውን ዳኛ ይሁን ማለታችን አይደለም። የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለዝግጅትና ለጽዳት መዘጋት አለበት፤ አማካሪ ከተማሪው ጋር በምሥጢር የሚነጋገርበት ትንሽ ቢሮ በወንበር ቁጥር አይመዘንም። በመሆኑም ቁጥሩ የክርክሩ መነሻ እንጂ መደምደሚያ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን ያለ ቁጥር የሚደረግ ተሳትፎ ወደ ልመናና ወደ ጥቅም መፈላለግ ያዘነብላል፤ ያለ ተሳትፎ የሚወጣ ቁጥር ደግሞ ሕይወት የሌለው ትእዛዝ ይሆናል። አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ ከሁለቱ አንዱን ክንፍ ብቻ ይዘዋል።

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲታይ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ለዚህ ክርክር ልዩ ማስረጃ ይሰጣል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በስድስት ኪሎ የነበረውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚያው ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ዛሬ በዋናው ሕንፃ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሲገኝ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትም ለጎብኚ ይታያል። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲው የዋናው ግቢ ታሪክ የጀመረው በታላቅ ዝውውር ነው ማለት ይቻላል። ለግብርና ለማረፊያ የተሠራ ቤት ለትምህርትና ለምርምር እንዲያገለግል ተደረገ። ይህ በካርታ የታቀደ ሳይሆን በታሪክ አጋጣሚ የመጣ ነው። ቤቱን ለአዲሱ ሥራ ያስማሙት ደግሞ የገቡበት ሰዎች ናቸው። በዚህ ረገድ የሕያው ሥርዓት መርሕ ከመጽሐፉ መታተም አሥራ አራት ዓመት ያህል አስቀድሞ በስድስት ኪሎ ተፈትኗል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩም እዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲው በአንድ ግቢ የተወሰነ አይደለም። የተፈጥሮ ሳይንስ በአራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ በአምስት ኪሎ፣ አርክቴክቸርና ሕንፃ ሥራ በልደታ፣ ሕክምና በጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምና በቢሾፍቱ ይገኛሉ። ዋናው አስተዳደር በስድስት ኪሎ ነው። አስተዳደር ለተጠቃሚው ቅርብ ይሁን የሚለው አብነት ከኦሪገን ይልቅ እዚህ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአንድ ፊርማ ምክንያት ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የሚያጠፋው ቀን ከትምህርቱ ወይም ከምርምሩ የተቀነሰ ቀን ነውና።

ሌላም የአገራችንን አሠራር የሚመለከት ነጥብ አለ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛውም ወንበሩም በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በሠራተኛው ስም ይመዘገባል። ስለዚህ ለአንድ ወንበር ተጠያቂ አለ። ወንበሩ የሚቀመጥበት ክፍል ግን ለማን፣ ለምን ሥራ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ተሰጠ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ጥብቅ መዝገብ ሁልጊዜ አይገኝም። ለዕቃ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለክፍል ብናደርግ ከክርክሩ ግማሹ ገና ሳይነሣ ይበርድ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ይህንን ጉዳይ ይበልጥ አስቸኳይ ያደርገዋል፤ ሀብቱን በራሱ የሚያስተዳድር ተቋም ያለውን ክፍል ሳያውቅ ተጨማሪ ሕንፃ ሊጠይቅ አይገባውምና።

ከመጽሐፉ የሚወሰደውና የሚጨመርበት

ከላይ ከተባለው በመነሣት ለዝውውር ሥርዓት መሠረት ሊሆኑ የሚችሉ ነጥቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራ ከመጽሐፉ ይወሰድ፤ ነገር ግን ሕያውና የሞተ ስፍራን ከመለየት ጋር የክፍሎች መዝገብና የአገልግሎት ስሌት ይታከልበት፤ ውጤቱም ለሁሉም ይገለጽ።

ሁለተኛ፣ ድልድሉን የሚመረምር አነስተኛ ቦርድ ይኑር። በቦርዱ ውስጥ ከዲኖችና ከጠቅላላ አገልግሎት በተጨማሪ የሬጅስትራር፣ የመዝገብ ቤት፣ የማታ ተማሪዎችና የጀማሪ መምህራን ተወካዮች ይቀመጡ። ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ ዝውውር የሚፈጸመው በሴሚስተር መካከል ባለው ዕረፍት ወይም በክረምት እንጂ በፈተና ሰሞን አይሁን። የሚገባበት ክፍል መብራቱ፣ ውኃው፣ ስልኩና ቁልፉ ተፈትሾ ርክክብ ሳይደረግ ነባሩ ክፍል አይለቀቅ። ለዚህም ሲባል በየግቢው ጥቂት ክፍሎች መጠባበቂያ ሆነው ይቆዩ። መጠባበቂያ ክፍል ባዶ የተቀመጠ ሀብት ይመስላል፤ ሆኖም በሰንሰለት በተያያዘ ዝውውር ጊዜ መተንፈሻ የሚሆነው እርሱ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ የተማሪ መዝገብ ከሌላ ዕቃ ጋር አይጫን። ሣጥኖቹ ተቆጥረው፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ ኃላፊው ባለበት ይጓዙ፤ በደረሱበትም ዳግመኛ ይቆጠሩ። የተሰበረ ጠረጴዛ ይተካል፤ የጠፋ የትምህርት ማስረጃ ግን ከአንድ ሰው ሕይወት ላይ ዓመታትን ይቆርጣል።

መደምደሚያ

«የኦሪገን ሙከራ» ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀ፣ መልሱን ግን በከፊል የሰጠ መጽሐፍ ነው። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የተሳትፎንና የአብነቶችን መርሖዎች እስከ ዘመናችን ድረስ በግቢው ዕቅድ ውስጥ ማቆየቱ ሐሳቡ የወረቀት ሕልም ብቻ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ቢሆንም ተሳትፎ ያለ መዝገብ፣ መዝገብ ያለ ጊዜ ሰሌዳ፣ ጊዜ ሰሌዳም ያለ መጠባበቂያ ክፍል እንደማይሠራ መጽሐፉ አይነግረንም። ይህንን ልንጨምርበት የሚገባን እኛ፣ በነባር ቤት የምንኖርና በፍጥነት የምናድግ ነን።

መጽሐፉን የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎችና የዲፓርትመንት ኃላፊዎች ቢያነቡት መልካም ነው እንላለን። የሚያነቡት ግን እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መወያያ ሰነድ ይሁን፤ በቅድሚያም በየግቢያቸው ያሉትን ክፍሎች ቆጥረው፣ የማን እንደ ሆኑና ለምን እንደሚያገለግሉ መዝግበው ይጠብቁት።